የፉጨቱ ሁለተኛ ግማሽ

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለመኩራራት ሳይሆን ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው። ልጅ ሆኜ ጎረቤቶቻችን ስለ ጅን ሲያወሩ «ማን አየው? የት አየው?» እያልኩ ጨዋታ የማበላሽ ነበርኩ፣ ዛሬም ተማሪ «ቲቸር፣ ቡዳ የሚባል ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ከጠየቀኝ ጠመኔ አንስቼ ስለ አንጎል ሥዕል መሣል የምጀምር ሰው ነኝ። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ካላወቅነው ገና አልደረስንበትም ማለት ነው ብዬ ነው የማምነው። አሁንም እንደዚያው አምናለሁ፣ ማለቴ፣ አብዛኛውን ሰዓት አምናለሁ። ቀትር ላይ ግን፣ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ ስትተኛ፣ በከዚራ ሰፈር በኩል በእግሬ ማለፍ ትቻለሁ።

ጨለማና የውሻ ጩኸት ያለበት ታሪክ ከጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያየሁትን ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የሰማሁትንም ብቻዬን አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍ ለማየት እንወጣለን። ሰው ይስቅብናል፣ «ወፍ ለማየት ነዳጅ ታቃጥላላችሁ? ከቤታችሁ ጣሪያ ላይ አይታያችሁም?» ይሉናል፣ ግን አንድ ጊዜ የመጣ ሰው አይቀርም። ያን ቀን አራት ነበርን። ጋሽ ታደሰ የታሪክ መምህር ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ሰፊ ባርኔጣ የማይለያቸው። ሙክታር የምንሄድበት ሚኒባስ ሾፌር ነው፣ መጀመሪያ ሊያደርሰን ብቻ መጥቶ ኋላ የሩቅ ማያ መነጽሬን ከእጄ ወስዶ የማይመልስልኝ ሆነ። ፈቲያ ደግሞ የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ሠራተኛ ናት፣ ዝምተኛ፣ ግን ስትናገር የምታስቅ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ሳሙኤል እባላለሁ፣ ሳሚ ይሉኛል።

የቡድናችንን አንድ ሕግ ማወቅ አለባችሁ፣ ያለሱ የቀረው አይገባችሁም። ወፍ የሰው ንግግር ከሰማ ይበራል፣ ስለዚህ ውኃ ዳር ከደረስን በኋላ መጣራት ክልክል ነው። ደህና ነገር ያየ ሰው ቀስ ብሎ ያፏጫል፣ ፉጨት የሰማ ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ወደ ድምፁ ይሄዳል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በጣም እኮራበት ነበር። ጋሽ ታደሰ ጥርሳቸው ስለሳሳ ማፏጨት አይችሉም፣ ባርኔጣቸውን ያውለበልባሉ። ፈቲያ ግን ትችላለች እየተባለ አታፏጭም፣ ጣቷን ቀጭ ታደርጋለች እንጂ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፣ አፍራ ነው ብዬ ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመልካ ጀብዱ በኩል፣ ከሽንኩርቱና ከማሽላው ማሳ ጀርባ ዝናብ ያቆራቸው ኩሬዎች አሉ። ጥልቅ አይደሉም፣ ግን ከሩቅ የሚመጡ ወፎች አርፈው የሚጠጡባቸው ናቸው። ያን ቀን ወደዚያ ስንሄድ መንገድ ላይ እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እነዚህ ወፎች አብዛኞቹ ከሰሜን እንደሚመጡ፣ ዐረብ አገርን አልፈው በጅቡቲ በኩል ያለችውን ጠባብ ባሕር እንደሚሻገሩ፣ አንዳንዶቹም በዚሁ ዓመት የተፈለፈሉ ጫጩቶች ሆነው መንገዱን ማንም ሳያሳያቸው እንደሚያገኙት።

«ያንኑ ባሕር?» አለች ፈቲያ ከኋላ።

«የትኛውን?»

«ረመዳን የሄደበትን።»

ረመዳን ታናሽ ወንድሟ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጅቡቲ አድርጎ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ሊገባ ወጣ፣ «ነገ እንሳፈራለን» ብሎ ደወለ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩም እሱም ጠፉ።

«ዛሬ የመጣሁት ወፍ ለማየት አይደለም ሳሚ» አለችኝ። «ቤት መዋል ስላቃተኝ ነው። ነገ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሊሰግዱለት ነው።»

ላልገባችሁ ላስረዳ፤ አስከሬን በሌለበት፣ ሰውየው ሞቷል ተብሎ ሲታመን የሚሰገድ የጀናዛ ሶላት አለ። እሱ ከተሰገደ ቤተሰቡ ልጁ መሞቱን ተቀበለ ማለት ነው። አጎቷ ሐጂ ዩሱፍ፣ የቤቱ ታላቅ፣ «ሁለት ዓመት በር በር ማየት ይበቃል፣ እናቱም ትረፍ» ብለዋል። እናቷ አዴ ዘሃራ ደግሞ «ፈቲያ እሺ ካለች እሺ፣ እምቢ ካለች እምቢ» ብለው ነገሩን በሙሉ በልጃቸው ላይ ጥለውታል።

«እና መልሱን መቼ ይፈልጋሉ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ዛሬ ማታ።»

«ምን ልትያቸው ነው?»

«ብታውቁ ንገሩኝ» አለች፣ ፈገግ ለማለት ሞክራ። ሙክታር የቴፑን ድምፅ ቀነሰው።

ጠዋቱ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለሱ ብቻ የምጽፍበት ጠዋት ነበር። ሽመላዎች ማሽላው ዳር ቆመው ነበር፣ እግራቸው ከአገዳው የማይለይ፣ ዳክዬዎቹ ኩሬው ላይ ተበትነው፣ ነጫጭ ሳቢሳዎች ከግመሎቹ እግር ሥር እየተከተሉ ይለቅማሉ። ሙክታር ሲያፏጭ እንሄዳለን፣ እኔ ሳፏጭ ይመጣሉ፣ ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን ባውለበለቡ ቁጥር ግን ያዩት ወፍ ባርኔጣውን ፈርቶ ይበራል፣ ሙክታርም «ጋሽ ታደሰ፣ አንተ ወፍ ልታሳየን ነው ወይስ ልታባርርልን?» ይላቸዋል። ድሬ ላይ ለሽማግሌም አንተ ማለት ነውር አይደለም፣ እሳቸውም ለምደውታል። ፈቲያ እንኳን ሳቀች።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ኩሬው ዳር ካለው ትልቅ ግራር ሥር ተቀመጥን። ፈቲያ ያመጣችውን ሳንቡሳ በላን፣ ፓፓያ ቆረጥን። ከዚያ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት የሚያደርገውን አደረግን፣ ተጋደምን። የኛ ከተማ ሰው የቀትር እንቅልፉን የትም ይዞት ይሄዳል፣ ኩሬ ዳርም ቢሆን። ሙክታር ጫቱን ጉንጩ ውስጥ አድርጎ ዛፉን ተደገፈ፣ ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ፣ ፈቲያ ሻሿን ዓይኗ ላይ ጣለች።

እኔ ተኝቼ ነበር ወይስ አልተኛሁም? ይህን ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ መሰላችሁ። ዓይኔ ግማሽ ተከፍቶ ነበር፣ ይህን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ውኃውን አይ ነበር። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዝምታውን ነው። ቀትር ላይ ወፎች ዝም ማለታቸው የተለመደ ነው፣ ሙቀት ነው ምክንያቱ፣ ግን ያ ዝምታ ሌላ ነበር፣ ዝንቡም ጭምር ዝም ያለበት ዓይነት። ቀጥሎ ዳክዬዎቹን አየሁ፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ኩሬው መሀል ወዳለው የደንገል ቁጥቋጦ አዙረዋል። ከዚያ ውኃው፣ እመኑኝ፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ ሳይኖር ጭቃው ላይ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። አንድ ነገር ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። የጨው ሽታም ሸተተኝ። ኩሬ ሲደርቅ አፈሩ ጨው ይተዋል፣ ይህን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፣ እሱ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፣ ደስ የሚል ከባድ ድካም ነበር የተጫነኝ፣ መነሳት አልፈለግኩም።

ያኔ ፉጨቱ መጣ።

ለስላሳ ነበር፣ ጥቂት ድምፆች ብቻ፣ ወደ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ላይ የሚቆም፣ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅ ሰው ዓይነት። ሙክታር አንድ ነገር አይቶ ነው ብዬ ተነሳሁና በሕጉ መሠረት ሳልጠይቅ ወደ ድምፁ ሄድኩ። ደንገሉ ትይዩ ስደርስ ሙክታር ከግራ በኩል፣ ጋሽ ታደሰ ከኋላው፣ እያጎነበሱ ደረሱ።

«ምን አየህ?» አለኝ ሙክታር በሹክሹክታ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያፏጨኸው?»

«እኔ? እኔማ አንተ ነህ ብዬ ነው የመጣሁት!»

ሁለታችንም ጋሽ ታደሰን አየን። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ፣ ይህን ጥርስ ይዤ?» አሉ።

ፈቲያ ከኋላችን ቆማ ነበር። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ ፊቷ የወረቀት ያህል ነጥቷል። ፉጨቱ እንደገና መጣ፣ ከውኃው መሀል፣ ከደንገሉ ውስጥ፣ ያው ወደ ላይ ወጥቶ የሚቆመው። መነጽሬን አነሳሁ። ደንገል ብቻ ነው፣ አንድም አገዳ አይንቀሳቀስም።

«የቤታችን ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ፉጨቱ። የአባቴ ነው። ባቡር ላይ ሲሠራ ሌሊትም ቀንም ስለሚመጣ በር አያንኳኳም ነበር፣ ጎረቤት ላለመቀስቀስ። በር ላይ ሆኖ ግማሹን ያፏጫል፣ ከውስጥ የሰማ ሰው ሌላውን ግማሽ አፏጭቶ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ መቀርቀሪያው ይከፈታል። እኔንና ረመዳንን ነው ያስተማረን። እናቴ አትችልም፣ ልጅ ሆና ሴት ካፏጨች ሰይጣን ትጠራለች ብለዋት አልተማረችም። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና ረመዳን ብቻ ነን። እሱ ከሄደ ጀምሮ አፏጭቼ አላውቅም፣ የሚጠይቀኝ ሳይኖር ለማን እመልሳለሁ?»

ፉጨቱ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ምናልባት እኔ ነኝ የመሰለኝ፣ ግን ትንሽ የቸኮለ ነበር።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ክንዷን ይዘው፣ «በቀትር፣ ውኃ ዳር፣ ለጠራሽ ነገር አትመልሺ። እኛ አገር ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

«እኛም ጋ ያው ነው» አለ ሙክታር፣ ዓይኑን ከደንገሉ ሳያነሳ። «ወላሂ ይሄ ሰዓት የነሱ ሰዓት ነው። እንሂድ አቦ! መኪናው ይሞቃል፣ ሰበብ ካስፈለጋችሁ።»

እኔስ? እኔ አስረዳሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ አልኩ፣ በየሄደችበት የሰማችውን ድምፅ እየለቀመች የራሷ ዘፈን ውስጥ የምትከት፣ በዚህ ወቅት ባሕሩን ተሻግራ በኛ አገር የምታልፍ። ይህች ወፍ ናት፣ አልኩ፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም፣ የሆነ ቦታ ሰምታው ነው።

ፈቲያ ዞራ አየችኝ። «ከማን ሰምታ?»

መነጽሬን እንደገና ወደ ደንገሉ አነሳሁ።

«ሳሚ፣ ወፏ ድምፅ የምትማረው መቼ ነው?»

«በ... በተወለደችበት ዓመት ነው አብዛኛውን።»

«የዘንድሮ ወፍ ከሆነች ዘንድሮ ነው የሰማችው።»

«ይሆናል።»

«ከባሕሩ ማዶ።»

«ይሆናል አልኩ እኮ፣ እርግጠኛ...»

«እንግዲያው በሕይወት አለ» አለች።

ያኔ ነው ያልኩት ምን እንደሆነ የገባኝ። ነገ ሊሰገድለት የተዘጋጀን ሰው በአንድ ቡናማ ወፍ አስነሳሁት፣ ወፏን ደግሞ አላየኋትም። ቢያንስ ወፏን ማየት ነበረብኝ። ስለዚህ የማውቀውን መንገድ ነገርኳት፤ ወፍ ለዜማዋ መልስ ካገኘች አብዛኛውን ጊዜ ወጥታ ትታያለች፣ መልሺላት፣ ትውጣና ሁላችንም እንያት፣ ማታ ለአጎትሽ የምትነግሪው እውነተኛ ነገር ይኖርሻል።

«ተው ሳሚ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ፈቲያ ግን ከንፈሯን በምላሷ አርሳ ነበር።

የቀረውን ግማሽ አፏጨችው። ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወርድ፣ መሬት የሚደርስ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ የሚተነፍሰው ዓይነት ዜማ ነው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ወሰደች፣ ከዚያ ጨረሰችው።

ወፍ አልወጣችም። ውኃው ግን ከጭቃው ላይ ተመለሰና አልወጣም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ቆመ። ከዚያ ከውኃው በላይ፣ ማሳና ሰማይ ብቻ ካለበት፣ ቤትም አጥርም ከሌለበት ቦታ፣ የብረት መቀርቀሪያ ሲሳብ የሚሰማውን ድምፅ ሰማን። ዝገት ያለበት፣ መሀል ላይ ያዝ አድርጎ የሚለቅ። ሙክታር «ቢስሚላህ» አለ። ጋሽ ታደሰ አማተቡ። እኔ ፈቲያን ነበር የማየው፣ እሷም እኔን ሳይሆን አንድ የምታውቀውን በር እንደሚያይ ሰው አየሩን ትመለከት ነበር።

ነፋስ መጣ፣ ዳክዬዎቹ መንጫጫት ጀመሩ፣ ሁሉ ነገር እንደነበረ ሆነ። የጨው ሽታውም ጠፋ።

ስንመለስ መጀመሪያ ፈቲያን ቤቷ ልናደርሳት ሄድን። ከዚራ ስንደርስ ዛፎቹ ሥር ጥላው ረዝሞ ነበር። የነፈቲያ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አዴ ዘሃራ ደጃፉ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል፣ ሐጂ ዩሱፍ አጠገባቸው ቆመዋል። ፈቲያ ከመኪና እንደወረደች እናቷ ያሏትን እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«መቼ ነው ተመልሰሽ የወጣሽው?»

«የት?»

«በቀትር ነዋ! ተኝቼ ረመዳን በር ላይ አፏጨ። እንቅልፍ ነው ብዬ ተውኩት። ደገመ። ሠለሰ። ከዚያ አንቺ ከጓዳ መለስሽለት፣ ያቺን ትንፋሽሽን ስትወስጂ ሰማሁሽ እኮ፣ ምነው ትክጂኛለሽ? አንቺ ስትመልሺለት ነው ተነስቼ መቀርቀሪያውን የሳብኩት።»

«ውጭ ማን ነበር?» አለች ፈቲያ።

«ማንም አልነበረም» አሉ አዴ ዘሃራ። «ፀሐይ ብቻ።»

እንዴት እንደሳቡት ሊያሳዩን መቀርቀሪያውን ሳብ ሲያደርጉት ጮኸ። መሀል ላይ ያዝ አድርጎ ለቀቀ። ሙክታር ከመሪው ጀርባ ሆኖ ሲሰማው መኪናውን አጥፍቶ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ነገሩን ሁሉ ለሐጂ ዩሱፍ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳልጨምር። ኩሬው ከዚያ ቤት በመኪናም ቢሆን ራቅ ያለ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም። ከዚያ፣ «እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «እኔ የቀጠርኩት ሰው አለ፣ ነገ የሚሰበሰብ ዘመድ አለ። ንገረኝ፣ ወፍ ነው?»

ወፍ ነው ብል እሳቸው ለወፍ ዜማ ብለው አይተዉትም፣ ሶላቱ ይሰገዳል። አይደለም ብል ይህች እናት ዕድሜዋን በሙሉ በር ላይ ትቀመጣለች። አዴ ዘሃራ ያዩኛል፣ ፈቲያ ታየኛለች። በአፌ ላይ ስንት ማብራሪያ ነበር፣ ስለ ቀትር እንቅልፍ፣ ስለ ሙቀትና ስለ ድምፅ፣ እናት ልጇን ስትናፍቅ ስለምትሰማው ነገር፣ አንዱም ግን መቀርቀሪያውን አያስረዳም።

«አላውቅም» አልኩ።

በሕይወቴ ይህ ቃል እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ሐጂ ዩሱፍ ወደ ፈቲያ ዞረው፣ «አንቺስ?» አሏት። «አንሰግድም» አለች። በዚያው ተወሰነ።

እስከዛሬ አልተሰገደም፣ ከረመዳንም የመጣ ወሬ የለም። አዴ ዘሃራ ቀትር ላይ በሩን ከፍተው፣ እንዳይዘጋ ድንጋይ ያስደግፉትና ይተኛሉ። ፈቲያ ላይብረሪው ውስጥ መጽሐፍ ስትደረድር አንዳንዴ ቆም ትላለች፣ የሆነ ነገር እንደምትሰማ፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ አይመጡም። ሙክታር ይመጣል፣ ግን ምሳችንን በልተን ወዲያው እንሄዳለን፣ አንተኛም፣ ማፏጨቱንም ትተን በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት፣ በዚህ በኩል ቡናማ ወፏን አስቀምጬ በዚያ በኩል የአጋጣሚን ነገር አስቀምጬ እኖር ነበር። ግን ባለፈው፣ የፈተና ሰሞን፣ ፈቲያ በምሳ ሰዓት ላይብረሪውን ለተማሪዎች ክፍት አድርጋ ቀረች፣ እኔም እዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ትቻት ወጣሁና በከዚራ በኩል ወደ ቤቴ አቀናሁ። መንገዱ ባዶ ነው፣ ሱቁ ዝግ፣ ባጃጅ እንኳ የለም፣ ውሾቹ ጥላ ውስጥ ተዘርረዋል። የነፈቲያ በር በድንጋይ ተደግፎ ተከፍቷል። ልክ ትይዩ ስደርስ ከቤቱ ውስጥ ፉጨት ሰማሁ፣ ሁለተኛውን ግማሽ፣ የሚወርደውን፣ የሚመልሰውን፣ መሀሉ ላይ ካለችው ትንፋሽ ጋር።

ፈቲያ ላይብረሪ ናት፣ አዴ ዘሃራ ደግሞ ማፏጨት አያውቁም። የመጀመሪያውን ግማሽ አልሰማሁትም። መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፣ እኔ ደግሞ አላፏጨሁም፤ ከንፈሬን በእጄ ነካሁት፣ ደረቅ ነበር።

ከውስጥ የአዴ ዘሃራ ድምፅ፣ ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ፣ «ግባ ልጄ፣ ክፍት ነው» አለ።

ነፋስ አልነበረም። ግን ከጎኔ፣ ትከሻዬን ሊነካኝ ምንም ሳይቀረው፣ የጨው ሽታ አልፎ ወደ በሩ ገባ።